ከግሽ ዓባይ የመጣልኝ መልእክት

«ግሽ ዓባይ ጠበል ገብታለች በያት» አሉኝ አያ እንየው በስልክ። «ሱባኤ ስለያዘች ሰው አታገኝም በያት። እሑድ ማለዳ አባ መጥተው እስኪያረዷት ድረስ አፍሽን ያዥ።»

ቡሬ መናኸሪያ ወርጄ ባጃጅ እየፈለግሁ ነበር። ቃሉን ስሰማ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አውቀዋለሁ። ምንም ሳይጨመርበት፣ ምንም ሳይቀነስለት፣ በልጅነቴ እኔው ራሴ የተጋትሁት ውሸት ነው። ያን ጊዜ ጠበል የገባው አባቴ ነበር። አሁን ደግሞ ተራው የእትየ አንጓች ሆነ፤ የአባቴ እህት፣ የአያ እንየው ሚስት፣ ፍኖተ ሰላም ቤቷ ውስጥ እኔን ያሳደገችኝ። ማክሰኞ ሞተች፣ ረቡዕ ቀበርናት። የልጅ ልጇ ማስተዋል ግን ይህን አታውቅም። እናቷ ዓረብ አገር ስለሆነች ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እትየ አንጓች ናት። ቡሬ ካምፓስ ገብታ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስትፈተን ሰነበተች፤ ስልክ ይዞ መግባት ደግሞ ክልክል ነው። ዛሬ ትወጣለች። ከቤቱ ሰው ሁሉ ዓይኗ ያላበጠ እናኑ ናት ተባለና እንድቀበላት እኔ ተላክሁ።

ሚስታቸውን ቀብረው በሁለት ቀናቸው ሽማግሌ ላይ አይጮኽም። «እሺ አያ እንየው» ብዬ ዘጋሁት። ደሜ ግን ፈልቶ ነበር።

የካምፓሱ በር ላይ ስደርስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ወላጁ ሁሉ ጃንጥላውን አጥፎ ይጠብቃል። አጠገቤ አንድ ዘበኛ ቆመዋል፤ የሱፍ ኮፍያቸው ዝናብ ጠጥቶ ጆሯቸው ላይ ወርዷል። የእርጥብ ሱፍ ሽታ መጣብኝ። እኔ ይህን ሽታ አልችለውም። ሰው የበግ ሽታ እያለ ይወደዋል፣ ሙቀት ነው ይለዋል። እኔን ግን ወስዶ እዚያ ግንቦትና ሰኔ ውስጥ ይጥለኛል።

ስምንተኛ ክፍል ነበርሁ። አባቴ ከማንኩሳ ወዲያ ባለች መንደር የሚያርስ ሰው ነው፤ እህቱ ዘንድ ያስገባኝ ለትምህርት ብሎ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በርበሬ ወይ በቆሎ በአህያ ጭኖ ለገበያ ይመጣል። ሸጦ ሲጨርስ አህያውን ከእትየ አጥር ላይ ያስርና በረንዳው ላይ ይቀመጣል። ጠላ ይቀዳለታል። ከዚያ ወደ እኔ ይዞርና «እስቲ ያን ፈረንጅኛሽን አሰሚኝ» ይለኛል።

ከእንግሊዝኛ መጽሐፌ አንዷን ምንባብ አነብለታለሁ። አንዲት ቃል አትገባውም። ግን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቅዳሴ እንደሚያስቀድስ ሰው ራሱን ነቅነቅ እያደረገ ይሰማኛል። መሀል ላይ «ይቺን ድገሚያት» ይላል፤ ድምፅዋ ጥሞት ነው። «ምን ማለት እንደሆነ ልንገርህ አባባ?» ስለው «ተይው፤ ትርጉሙ ለአንቺ ይሁን፣ እኔን ዜማው ይበቃኛል» ይለኛል። የመጨረሻዋ ቅዳሜ ላይ አህያውን እየፈታ «ያቺን ረጅሟን ለቅዳሜ አቆዪያት፣ ዛሬ መሽቶብኛል» አለኝ። ይህን ያለው እሱ ነው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለምን እንዲህ ምዬ ተገዝቼ እንደምናገር ወደ ኋላ ይገባችኋል።

በሳምንቱ አጋማሽ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ተዘግቶ አገኘሁት። ጎረቤታችን እማማ ደብሬ ደጃፉ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። አክስትሽና አያ እንየው የክርስትና ድግስ ተጠርተው ሄዱ፣ እኔ ዘንድ ነሽ አሉኝና ይዘውኝ ገቡ። እንቁላል ቀቀሉልኝ። ለገዛ ልጆቻቸው የማይቀቅሉትን። እየበላሁ ሳለ ቀና ስል እያዩኝ ነው፤ ቶሎ ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

እትየ አንጓች ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር። የድግስ ቤት ጭስ ነው አለችኝ። ቅዳሜ ደረሰና በረንዳው ላይ ደብተሬን ይዤ ተቀመጥሁ። ገበያው ተበተነ፣ አህዮች በደጃፉ አለፉ፣ የእኛ ግን አልመጣም። አያ እንየው ወጥተው አጠገቤ ተቀመጡና አባቴ ወገቡን ትንሽ አመም አድርጎት ግሽ ዓባይ ጠበል እንደገባ፣ ሱባኤ ስለያዘ ሰው እንደማያገኝ ነገሩኝ። ልሂድ አልሁ። ሱባኤውን ታፈርሽበታለሽ አሉኝ። ለእኛ አገር ሰው ይህ የማይጠረጠር ነገር ነው። ሰው ይታመማል፣ ጠበል ይገባል፣ ድኖ ይመጣል። እኔን የከፋኝ ሳይነግረኝ መሄዱ ብቻ ነው። ረጅሟን ስለማመድ የሰነበትሁት ለማን ሆነና?

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ዓይኔ ፊት ነበር፤ የሚያይ ዓይን ግን አልነበረኝም። እትየ አንጓች ሻሿን ስታጥብ ራሷ ተላጭቶ አየሁት። ራስ ምታት ጸንቶባት እንደሆነ ነገረችኝ፤ እኔም አመንሁ። ደግሞ ሽንኩርት መላጥ አበዛች። ጠዋት ትልጣለች፣ ማታ ትልጣለች፤ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። ያን ሁሉ ሽንኩርት የሚበላ ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። ከአያ እንየው ጋር የተጣሉ መሰለኝና በሆዴ ለእሷ ወገንሁ።

ከተማው ደግሞ በአንድ ጊዜ ደግ ሆነልኝ። ቦኖ ውኃ ወረፋ ስይዝ «እሷን አሳልፏት» ይላሉ። ባለ ሱቁ ማስቲካ ይመርቅልኛል። ሲያባርሩን የኖሩ ሴትዮ ከዛፋቸው ማንጎ አውርደው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱልኝ። እኔ ምን መሰለኝ? ከክፍሌ አንደኛ መውጣቴ አገር የሰማው መሰለኝ። ደረቴን ነፍቼ መሄድ ጀመርሁ። ማንጎውን እየጋጥሁ፣ አንገቴን ሰበቅ እያደረግሁ ነው በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ያለፍሁት። እነሱ ለካ አባት የሌላት ልጅ ስትሄድ እያዩ ነው። አሁን እንኳ ይህን ሳወራ ፊቴ በንዴት ይግላል።

በዚያው ሰሞን ነው የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቲቸር ሙሉቀን ስለ ፈሊጥ ያስተማረን። መጽሐፉ ላይ የነበረው ምዕራፍ ሰው ክፉኛ ሲደነግጥና ውስጡ ሲናወጥ ምን እንደሚል ነው። መጀመሪያ በአማርኛ ጠየቀን። እኛ ደግሞ ለዚህ ማን ብሎን! ክው አልሁ፣ ሐሞቴ ፈሰሰ፣ አንጀቴ ተላወሰ፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ ቅስሜ ተሰበረ፣ እርር ድብን አልሁ፤ ሰሌዳው ሞላ። ከዚያ ወደ እንግሊዞቹ ሄደ። እነሱ ሲደነግጡ ልባቸው ዘሎ አፋቸው ውስጥ ይገባል አለን። ሲከፋቸው ደግሞ ልባቸው ወርዶ ጫማቸው ውስጥ ይወድቃል። ያላሰቡት መከራ ሲመጣባቸው የቆሙበት ምንጣፍ ከእግራቸው ሥር ይሳባል። አጥንታቸው ድረስ ይንቀጠቀጣሉ።

ከኋላ አንዱ «ጫማ ያላደረገስ ቲቸር?» አለ። ክፍሉ አውካካ። ሌላው ተነሥቶ ፈረንጅ አንጀት የለውም ወይ ብሎ ጠየቀ። ቲቸር ሙሉቀን አለው፣ ግን ለምግብ ብቻ ነው የሚጠቀምበት ብሎ መለሰለት። እንደዚያ ቀን የተሳቀበት ትምህርት አላስታውስም። ጫማዋን ለአባባ ብዬ በልቤ ያዝኋት። ትርጉም አልፈልግም ቢልም ይቺን ሳልነግረው አላልፍም አልሁ።

ከዚያ መልመጃው መጣ። እያንዳንዳችን እየተነሣን ከፈሊጦቹ አንዱን ይዘን የደረሰብንን እውነተኛ ነገር በእንግሊዝኛ መናገር አለብን። ተራው በየዴስኩ ይመጣል። አጠገቤ የምትቀመጠው ወርቄ ናት፤ መንደሯ ከእኛ መንደር ወንዝ ማዶ ነው። ተራዋ ደርሶ ተነሣችና ጀመረች፤ ሁለት ቃል እንዳለች ድምፅዋ ተቆረጠ። እንባዋ ወረደና ተቀመጠች። እንግሊዝኛው ጠፍቷት ነው አልሁና በልቤ ታዘብኋት።

ቀጣይዋ እኔ ነኝ። ሳልጠራ ነው የተነሣሁት። በሬያችን ገደል የገባ ቀን አባቴ የሆነውን ልናገር ተዘጋጅቻለሁ። ቲቸር ሙሉቀን አየኝ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረና ከኋላዬ ያለውን ልጅ ጠራ።

«ቲቸር፣ ተራዬ ነው» አልሁት።

«ተቀመጪ።»

«ተራዬ እኮ ነው!»

«እናኑ፣ ተቀመጪ ብዬሻለሁ።»

ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። ዞር ብዬ ክፍሉን አየሁ። ሰው ሲዋረድ ለመሳቅ የማይሰንፈው ያ ሁሉ ልጅ አቀርቅሮ ዴስኩን ያያል። አንድም አልሳቀም። ተቀመጥሁ፤ ጥርሴን ነክሼ። ቂም ይዞብኝ ነው አልሁ፣ የባለ ሥልጣን ልጅ ስላልሆንሁ ነው አልሁ። ከዚያ ወዲያ ለሰላምታው መልስ አልሰጠሁትም፤ እሱም አልተቆጣኝም። አንድ ክፍል ሙሉ ሕፃን እንዴት አድርገው አፉን እንዳዘጉት እስካሁን ይደንቀኛል። ለደግ ነገር ቢሆን እንዲያ የሚተባበር አይገኝም።

መልእክቶቹ መምጣት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። አያ እንየው ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ከሰቀላ፣ ከዚያው ከግሽ ዓባይ በኩል፣ የመጣ ሰው አገኘሁ ይላሉ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር፤ ደህና ነኝ ይልሻል፣ ሰላም ይልሻል። እኔ እየጠየቅሁ ስሄድ እሳቸውም እየጨመሩ ሄዱ። በርትተሽ አጥኚ ይልሻል። ኩራቴ ነሽ ይልሻል። አባቴ እንዲህ የሚል ሰው አልነበረም። እሱ ሲደሰት ሻሼን ይጎትታል እንጂ ኩራቴ ብሎ አያውቅም። ግን አልጠረጠርሁም፤ ጠበሉ ሆዱን አባባው አልሁና ደስ አለኝ።

የፈረንጁን ልብና ጫማ ንገሩልኝ ብዬ ላክኋቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ መልሱን ይዘው መጡ። «አስነገርሁት። በሳቅ ሞተ አባትሽ» አሉኝ፤ ያው ሰው እንደሚለው። እትየ አንጓች እፍኝ ሽንኩርት ይዛ ነበር፤ ትሪው ላይ ጣለችውና ወደ ጓሮ ወጣች። አያ እንየውም ፊታቸው ጠቆረ። እኔ ደግሞ አሁንም ተኳረፉ ብዬ ወደ ጥናቴ ተመለስሁ።

ግሽ ዓባይ ብርድ ነው ሲሉ እሰማ ነበር። ስለዚህ የሱፍ ሹራቤን ተረተርሁት። ያለኝ ሹራብ እሱ ብቻ ነው፣ ክረምት ደግሞ እየመጣ ነው፤ እትየ አንጓች ስተረትር ቆማ አየችኝና ሄደች። ከትምህርት መልስ በኪሮሽ ኮፍያ ሠራሁለት። ሳጥበው ሽታው ቤቱን ሞላው። በፌስታል ጠቅልዬ፣ ሁለት ጊዜ ቋጥሬ ለአያ እንየው ሰጠኋቸው።

መልሱ መጣ። «ልክክ ብላለታለች። ሲተኛም አያወልቃት። ‹የልጄ እጅ ራሴ ላይ ያለ ይመስለኛል› ይልሻል።»

ይህችን ቃል ትራሴ ሥር ይዤ ተኛሁባት ብል ማጋነን አይደለም። ፈተናው እስኪደርስ ስንቄ እሷ ነበረች። ሂሳብ ሲያቅተኝ እሷን እላለሁ፣ ሆዴ ሲባባ እሷን እላለሁ። ከአባቴ አፍ እንደዚያ ያማረ ነገር ወጥቶ አያውቅም።

ፈተናው አለቀ። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ በግቢው ውስጥ የሰው ድምፅ ሰማሁ። በመስኮት ሳይ ሰው ሞልቷል። ወርቄና እናቷ አሉ፣ እማማ ደብሬ አሉ፣ ቲቸር ሙሉቀን አጥሩ ጥግ ቆሟል። አሁን የምናገረውን ስሙኝና ፍረዱ፤ እኔ ፈተና በመጨረሴ እንኳን ደስ አለሽ ሊሉኝ የመጡ መሰለኝ። ፊቴን ታጠብሁ። ለበዓል የምለብሳትን አበባ ያለባትን ቀሚስ ለበስሁ። ፀጉሬን አስተካክዬ፣ ፈገግ ብዬ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

ማንም ፈገግ አላለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ወደ እኔ ቀረቡ። «እናኑ ልጄ» አሉኝ፤ «ሁላችንም መንገደኞች ነን። አባትሽ፣ ቢያድግልኝ፣ አርፏል።»

«ውሸት ነው» አልሁ። «ቅዳሜ ዕለት መልእክት ልኮልኛል።»

ግቢው በለቅሶ ተናጠ። ወርቄ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ ቆሜ አንዱን ካንዱ አያለሁ። አንዲት ሴትዮ አቅፈው ያጽናኑኝ መስሏቸው «አይዞሽ ልጄ፣ አርባውም በደንብ ወጥቶለታል» አሉኝ። አርባ ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ የክርስቲያን ልጅ የለም። ተቀብሯል፣ ተለቅሶለታል፣ ዝክሩ ተዘክሯል፣ ድሃ በልቶለታል። ከማንኩሳ እስከ ፍኖተ ሰላም ያልሰማ ሰው ቢኖር ልጁ ብቻ ናት።

ቲቸር ሙሉቀን ካስተማረን ውስጥ አንዱም አልደረሰብኝም። ልቤ አፌ ውስጥ አልገባም፤ ጫማዬ ውስጥም አልወደቀም። የኛዎቹም ቢሆኑ አልመጡልኝም፤ አንጀቴ አልተላወሰም፣ ሐሞቴም አልፈሰሰም። የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወደ አያ እንየው ሄድሁና ፊታቸው ቆምሁ። ከተወለድሁ ጀምሮ ከ«እርስዎ» በቀር ብያቸው አላውቅም።

«ኮፍያውን ምን አደረግኸው?» አልሁ።

 አንተ ያልሁት የአባቴ ታላቅ የሚሆን ሰው ነው። አንድ ሽማግሌ ሐዘን ነው፣ አትፍረዱባት ሲሉ ሰማሁ። አያ እንየው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። እኔ ቤት ገብቼ የእትየ አንጓችን ሳጥን ከፈትሁ። ከልብሷ ሥር አገኘሁት፤ በፌስታሉ እንዳለ። ቋጠሮው እኔ እንደቋጠርሁት ነው። አልተፈታም። ልክክ ያለው ማን ራስ ላይ ነው ታዲያ? ሲተኛ የማያወልቃት ማነው?

«ለአንቺ ብለን ነው» አሉኝ ሁሉም። ቲቸር ሙሉቀንም ይህንኑ አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ተራሽን የዘለልሁት አፍሽ ያን የድንጋጤ ቃል ሲናገር መስማት ስላልቻልሁ ነው አለኝ። እትየ አንጓችም አለችው። እሷን ሳስብ ንዴቴ ራሱ መላ ያጣል። የገዛ ወንድሟ ሞቶባት፣ በገዛ ቤቷ እዬዬ ማለት አጥታ፣ ሐዘኗን በሽንኩርት አሳብባ ያወጣች ሴት ናት። ግን ማን አስገደዳት? ከእኔ ጋር ተቃቅፈን ብናለቅስ ምን ነበረበት? ያን ሽንኩርት ሁለታችን እንልጠው አልነበር?

እስከ ዛሬ ይህን ሳነሣ «ታዲያ አላለፍሽም ወይ?» ይሉኛል። አልፌያለሁ። በጥሩ ነጥብ። አባቴን ግን አልቀበርሁም፣ አፈር አላለበስሁትም። እሱንስ እሺ ልተወው። የማልተወው ቃሉን ነው። ሞቶ ሳለ አናገሩብኝ። ኩራቴ ነሽ ያለው ማነው? የልጄ እጅ ያለው ማነው? ስለ አባቴ ባሰብሁ ቁጥር መጀመሪያ ወደ ጆሮዬ የሚመጣው እሱ ያላለው ነገር ነው፤ ካለው ይልቅ ያላለው ያምራልና። በኋላ ደግሞ ሲሞት ምን አለ ብዬ ብጠይቅ፣ ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት ብሎ የተናዘዘው ራሱ ነው አሉኝ። እንዴት ብዬ ልመን? አንድ ጊዜ ሙት ያናገረ አፍ ሁለተኛ አይታመንም። ያ ጥያቄ እንዳለ ሆዴ ውስጥ ቀረ፤ እውነት አባቴ አትንገሯት ብሎብኝ ከሆነ የምናደደው በማን ላይ ነው?

የካምፓሱ በር ተከፈተና ልጆቹ ወጡ። ማስተዋል ብርድ ልብሷን አዝላ፣ ከጓደኞቿ ጋር እየተሳሳቀች መጣች። ከስታለች። ስማኝ ሳትጨርስ ዓይኗ ከኋላዬ ሰው ፈለገ።

«እምየስ? አልመጣችም?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ግሽ ዓባይ አፌ ላይ መጣ። ተዘጋጅቶ፣ ምላሴ ላይ ተቀምጦ ነበር። እንዴት ያለ ቀላል ነገር ነው። ልጅቷ ርቧታል፣ ደክሟታል፣ ሁለት ቀን ብታርፍ ማንን ይጎዳል? ያን ጊዜ እነሱም እንዲህ ብለው እንደጀመሩት ገባኝ። ስለገባኝ ግን ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰ።

ሸክሟን ተቀበልኋትና ወደ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ወሰድኋት። እጇን ያዝሁ። «ማስተዋል፣ እምየ ሞታለች። ማክሰኞ ሞተች፣ ረቡዕ ቀበርናት» አልኋት።

አላመነችኝም። ከዚያ አመነች። ጩኸቷን የሰሙ ወላጆች ከበቡን። ባለ ኮፍያው ዘበኛ መጥተው ነገሩን ሲሰሙ ጮኹብኝ፤ ለልጅ በመንገድ ላይ መርዶ ይነገራል ወይ፣ ወግ የላችሁም ወይ፣ ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ አሉኝ። እርጥቡ ሱፍ አፍንጫዬ ሥር ነው።  ማስተዋል ደረቴን በቡጢ እየመታች ለምን አላስወጣችሁኝም፣ ፈተናው ገደል ይግባ፣ ለምን አልጠራችሁኝም ትለኛለች። መምታቷን አልከለከልኋትም። ልክ ናት።

ሲደክማት ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ቀና አለች።

«ስለ እኔ ምን አለች?»

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። መልሱንም አውቀዋለሁ፤ ኩራቴ ናት አለች፣ መርቃሽ ሞተች፣ ስምሽን ጠርታ ነው ያለፈችው። ልጅቷ ይህን ይዛ ዕድሜ ልኳን ትኖርበት ነበር።

«አላውቅም» አልኋት። «አልነበርሁም። አጠገቧ የነበሩት አያትሽ ናቸው።»

ስልኬን ከእጄ ወሰደችና አያ እንየው ዘንድ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር እሰማለሁ። «አባባ፣ እምየ ምን አለች?» አለች በቀጥታ። ሽማግሌው ነገሩ ገባቸው። አሁን አንድ የሚያምር ነገር ይፈጥራሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«ምንም አላለች ልጄ» አሉ። «ተኝታ ነው የሄደች። ጠዋት ስቀሰቅሳት ቀዝቅዛለች።»

ማስተዋል ፊቷን ጉልበቷ ላይ ደፋች። ስልኩን አነሣሁ። ለእሷ እውነት ከነገሯት ለእኔስ ብዬ ነው፤ አስቤበት አይደለም።

«አያ እንየው» አልሁ፣ «አባቴስ ምን አለ?»

 ከኋላቸው የለቅሶ ቤቱ ሰው ይንሾካሾካል።

«አልደረስንበትም እናኑ» አሉኝ። «እኔና አንጓች ስንደርስ አልፎ ነበር። አትንገሯት ያልን እኛው ነን። እሱ ምንም አላለ።»

«ታዲያ ያን ጊዜ እንዲህ ብለው ቢነግሩኝ ምን ነበር?» አልኋቸው።  ቶሎ ኑ፣ ሳይጨልምባችሁ አሉኝና ዘጉት።

ባጃጅ መጣ። ማስተዋልን ደግፌ አስገባኋትና ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ ጣልሁላት። አሁንም ተናድጃለሁ፤ ለዚህች ልጅም ለእኔም። ግን መናኸሪያ እስክንደርስ ድረስ ጆሮዬ ውስጥ የነበረው ኩራቴ የሚለው አልነበረም፤ የልጄ እጅ የሚለውም አልነበረም። አባቴ አህያውን እየፈታ ነው፤ ያቺን ረጅሟን ለቅዳሜ አቆዪያት ይለኛል።